ያቀረቡላችሁን ብሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለሥራ ገጠር ለወጣችሁ እኅቶችና ወንድሞች ነው፤ የመምህርነት ዕጣ ከመኪና መንገድ ርቆ ለወጣላችሁ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ወይም በግብርና ባለሙያነት ለተመደባችሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥታችሁ ስትደውሉ የምትነግሩኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «መንፈሳዊ ሕይወቴ ደረቀ። ጉባኤ የለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የለ፣ ስብከት እንኳ በዓል ካልሆነ አይሰማም። ሰዉ ደግ ነው፤ ግን ከማን ጋር ልጫወት?» እኔም ጎጃም ወይና ደጋ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ስለኖርኩ የምትሉት ይገባኛል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጨለማ ነው፣ ጅቡ ይጮኻል፣ ሌሊቱ አይነጋም።

ምክር ስትጠይቁኝ የምትጠብቁት የጸሎት መርሐ ግብር ወይም ስልክ ላይ የሚጫን ስብከት ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ያዟቸው። እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለ መቀበል ነው። ስለ መስጠት ብዙ ተምረናል። ስለ መቀበል ግን ዐውደ ምሕረት ላይ ሲሰበክ የሰማሁት ጥቂት ነው።

«የሰው እጅ አያሳይህ» እየተባልን ተመርቀን ነው ያደግነው። ምርቃቱ መልካም ነው፣ አሜን እንላለን። ሆኖም ውሎ አድሮ ከማንም ምንም አለመፈለግን ክብር አድርገን ቆጠርነው። ስለዚህ ገጠር ስንመደብ የምናስበው የምንሰጠውን ብቻ ነው። ልናስተምር፣ ልንከትብ፣ ምርጥ ዘር ልናስተዋውቅ እንሄዳለን። ሽሮና በርበሬያችንን ቋጥረን፣ ፍራሻችንን ጭነን እንገባና «ሰው ላለማስቸገር» በራችንን ዘግተን እናበስላለን። ጎረቤት «ቡና ድረሱ» ብላ ልጅ ስትልክ «ጠጥቻለሁ በሏት» እንላለን። ከዚያ ብቸኝነት ገደለን ብለን እንደውላለን።

ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት የላካቸው እንዲህ አይደለም። ኮረጆም ከረጢትም ጫማም እንዳይዙ አዘዛቸው (ሉቃ. 10፥4)። ገንዘብም ስንቅም የሌለው፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው መንደር ሲገባ የሰው ደጅ ከመምታት በቀር ምን አማራጭ አለው? ጌታ ስንቅ አጥቶ አይደለም፤ አምስት እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው ያበረከተ ነው። አገልግሎታቸውን በሰው መሶብ ቀርበው፣ የሰው እጅ አይተው እንዲጀምሩ ስለፈለገ ነው። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ተመልከቱ። ቁጥር 8 ላይ «ያቀረቡላችሁን ብሉ» ይላል፤ ድውያንን ፈውሱ የሚለው ቁጥር 9 ላይ ነው፤ የእግዚአብሔር መንግሥት ቀረበች በሏቸው የሚለው ከዚያም በኋላ ይመጣል። መብሉ ከፈውሱም ከስብከቱም ቀድሟል። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቡናዋን ጠጥታችሁላት የማታውቁ እናት ልጇን ለክትባት ስታመጣ ምን ያህል እንደምታንገራግር አይታችኋል።

(በጾም ቀን ያገኛችሁትን ብሉ እያልኩ አይደለም። ባላገሩ ራሱ ከእናንተ ይበልጥ ስለሚጾም በዚህ በኩል ስጋት አይግባችሁ።)

«ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ» የሚለውም እዚያው አለ። የተሻለ መሶብ ስታዩ መጀመሪያ የተቀበላችሁን የድሃ ቤት ጥላችሁ አትሂዱ ማለት ነው። ወደ ገጠር የሚመጣ የተማረ ሰው ይህ ፈተና ይገጥመዋል፤ ቆርቆሮ ቤት ያለው ባለጸጋ ቶሎ ይጋብዘዋል፣ ሣር ቤት ያለችው መበለት ደግሞ «ምን አቀርብለታለሁ» ብላ ታፍራለች።

ጌታ ያዘዘውን ራሱም አድርጎታል። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ በቀትር ከያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ሳምራዊቷን «ውኃ አጠጪኝ» አላት (ዮሐ. 4፥7)። ስለ ሕይወት ውኃ የተነጋገሩት ሁሉ የተከፈተው በዚህ ልመና ነው። ጴጥሮስ ደግሞ በተቃራኒው እንቢ ብሎ ነበር። ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲቀርብ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» አለ። ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። መልሱ ግን ምን ነበር? «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» (ዮሐ. 13፥8)። ከዚህ የበረታ ቃል ስለ መቀበል የተነገረ አላውቅም።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስናከብር የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችን እንሰማለን። ያ ሰው በላ በመንገዱ ላገኘው፣ ውኃ ለጠማው ለምጻም ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ከሞተ በኋላ ኃጢአቱ በተመዘነበት ሚዛንም ጥርኟ ውኃ ደፋችለት። ሰባኪዎቻችን የሚያተኩሩት በሰጪው ላይ ነው፣ ይገባልም። እኔን የሚገርመኝ ግን ለማኙ ነው። ያ ድሃ አፍሮ ዝም ቢል፣ «ከእንዲህ ያለ ነፍሰ ገዳይ ምን ይገኛል» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ በላዔ ሰብእ በሚዛን የሚያኖረው ምን ነበረው? ለምጻሙ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ቅዱሳን ብሎ ለምኖ እምቢ ተብሏል፤ ስለ ማርያም ብሎ ደግሞ ለመነ። በዚያ ልመናም ነፍስ ዳነች።

አሁን ወደ አፍሪካ ገጠር ልውሰዳችሁ፤ ወደ ላይኛው ግብፅ። ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ አንድ የገጠር ጎረምሳ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግድ ለሮም ጦር ተመለመለ። ከሌሎች ምልምሎች ጋር በዓባይ ላይ በጀልባ ጭነው ወሰዱት፤ ቴብስ ሲደርሱም እንዳያመልጡ እስር ቤት አጎሯቸው። ማታ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። ጎረምሳው «እነዚህ ማን ናቸው? ሳያውቁን ለምን ያበሉናል?» ብሎ ጠየቀ። ክርስቲያኖች ናቸው፤ ስለ ሰማይ አምላክ ብለው ለሁሉ በጎ ያደርጋሉ አሉት። በዚያ ሌሊት፣ ከዚህ እስር ካወጣኸኝ ዘመኔን ሁሉ ሰውን አገለግላለሁ ብሎ ተሳለ። ሲፈታ ወደ አንዲት የገጠር መንደር ሄዶ ተጠመቀ። ይህ ሰው ግንቦት 14 የምናከብረው አባ ጳኩሚስ ነው፤ በ320 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በታቤኒሲ መነኮሳትን በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ሥራና በአንድ ጸሎት ሰብስቦ የአንድነት ገዳምን ሥርዓት የጀመረው። እነዚያ እራት ያመጡለት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ቅዱሱ ወደ ክርስትና የገባው ተሰብኮ ሳይሆን በልቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እኛም ዘንድ የአብነት ተማሪ አለላችሁ። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለተባለው ዜማ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ጎንጅ ወይም ዋሸራ የሚሄደው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚመክትበትን በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) እያለ በየደጁ ይቆማል። እመቤቲቱ ከመሶቧ ቁራሽ ታወጣለታለች። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ልጁ እኮ ብዙ ጊዜ የደኅና ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ቤት ቢቀመጥ ጠግቦ ያድር ነበር። ሊቃውንቱ ግን ሆን ብለው ከሀገሩ አርቀው ያስተምሩታል፣ ለምኖም እንዲበላ ያደርጉታል። ዜማውን በአፉ ሲያጠና ትዕግሥቱንና ትሕትናውን በየደጁ ያጠናል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ እስከ እኛ የደረሰው ፊደል በማይቆጥሩ እናቶች ቁራሽ ጭምር ነው። ያች እናት ድጓ አንድ መስመር አታውቅም፤ በድጓው ግን ድርሻ አላት። ቅዱስ ጳውሎስም የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩለትን ሲቀበል የፈለገው ስጦታውን ሳይሆን ለእነርሱ የሚቆጠርላቸውን ፍሬ መሆኑን ጽፏል (ፊል. 4፥17)። እምቢ ስንል ከሰውየው ላይ ምን እየወሰድን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ገጠር ውስጥ ይህ ሁሉ ተጠቃሎ የሚታየው በቅዱስ ስም በየወሩ ተራ በተራ በሚደገሰው ጽዋ ማኅበር ላይ ነው። እኔ የነበርኩበት መንደር ወር በገባ በ19 የገብርኤል ማኅበር ነበር። አንድ ጊዜ ተራው ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ዘንድ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ስንደርስ ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። የልጅ ልጇ፣ ሰባት ዓመት የማይሞላት፣ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ መጣችና ከመደቡ ሥር ተንበርክካ እግሬን ታጥብ ጀመር፤ በጣቶቼ መካከል የገባውን ጭቃ በትናንሽ ጣቶቿ እየፈተገች። ስትጨርስ እግሬን ሳመች። አስተማሪዋ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ የማስቆማት። አብርሃም ለሦስቱ እንግዶች «ጥቂት ውኃ ይምጣላችሁ፥ እግራችሁን ታጠቡ» ያለው (ዘፍ. 18፥4) በዚያ ቤት የዘወትር ሥርዓት ነው፣ ማንም አይደነቅበትም።

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) ብድግ ብለው «የተቀያየመ አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ቤቱ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ዓይን ሁሉ ወደ ሁለት ጎልማሶች ሄደ፤ በበልግ እርሻ ጊዜ «ወሰን ገፋህብኝ» ተባብለው በቀበሌ የሚካሰሱ ነበሩ። ማንም ሰባኪ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የሚለውን (ማቴ. 5፥24) አላነበበላቸውም። ሙሴው ብቻ «ጽዋው ይቆያል» ብለው ተቀመጡ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ጠላው እየታየው አፉን ዘግቶ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ አንዱ ተነሣ፣ ሌላውም ተነሣ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። ወሰኑን በበነጋው ሽማግሌዎች ሄደው ለኩት። የታመመ የማኅበርተኛ ድርሻ ደግሞ ዳቦው በጨርቅ፣ ጠላው በቅል ሆኖ በልጅ ተላከለት። ያች መበለት ለድግሱ ብቅሉንም ጌሾውንም ከራሷ ብቻ እንዳላወጣች የሰማሁት በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቿ ማንም ሳያይ በየማድጋዋ ጨምረውላት ነበር።

«መምህር፣ አንተስ ጽዋውን መቼ ትወስደዋለህ?» አሉኝ ሙሴው። ወንደላጤ ነኝ፤ ጠላ አልጠምቅ፣ ዳቦ አልደፋ። ከከተማ ዳቦ ላስመጣ ብል ሳቁብኝ፤ «ገብሱን አምጣና የቀረውን ለሴቶቹ ተው» አሉ። እንዲህ ሆነና ስሙ የእኔ ድግስ ሆኖ ድካሙ የጎረቤት ሴቶች ሆነ። አንዷ እንኩሮውን አነኮረች፣ አንዷ ጌሾውን ወቀጠች፣ ጥንስሱ የተጠነሰሰውም በእነሱው እንስራ ነው። ዕዳዬን ልከፍል ብዬ የባሰ ባለዕዳ ሆንኩ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወር በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ተማሪ ሲቀር ምክንያቱን ራሳቸው መጥተው ይነግሩኝ ጀመር። በመንደሩ ሰው ሲሞት ደግሞ በሌሊት በሬን መትተው «መምህር፣ ዶማ አለህ?» አሉኝ፤ ከጎበዛዝቱ ጋር መቃብር ልቆፍር። ከዚያ በፊት የሚጠሩኝ ለምግብ ብቻ ነበር።

«እርስ በርሳችሁ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» የሚለውን (ሮሜ 13፥8) ጠቅሶ ውለታ መግባት ክርስቲያናዊ አይደለም የሚል ሰው ገጥሞኛል። ሐዋርያው እኮ አንዲቱን ዕዳ ለይቶ ትቷታል፣ ተከፍላ የማታልቀዋን። ገጠር ሰው ከሰው የሚኖረው በእርሷ ነው፤ ወንፈል ብትሉ፣ ደቦ ብትሉ፣ ዕድር ብትሉ። ዛሬ እኔ ያንተን አረም አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፤ ሒሳቡ መቼም እኩል አይመጣም፣ እኩል እንዲመጣም የሚፈልግ የለም።

ይህን ስል ባላገር ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። ሐሜት አለ፣ ቂም አለ። ማኅበሩ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ ድግሱ ፉክክር ይሆናል፣ የሌለው ተበድሮ ይደግሳል ወይም አፍሮ ይቀራል፣ ጠላው ከጸሎቱ ይበልጣል። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል ብሎ የገሠጻቸው (1ኛ ቆሮ. 11፥21) ስለዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን ስታዩ በትምህርት ብዛት አትጀምሩ፤ ተራችሁ ሲደርስ ትንሽ ደግሱ። «መምህሩ እንዲህ ካደረገ» ብሎ የሚተነፍስ ብዙ ድሃ አለ።

እኅቴ፣ ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ የጠራሽ ቤት ሁሉ ግቢ እያልኩሽ አይደለም። መጀመሪያ አንዲት እናት ያዢ፤ የቄሱ ባለቤት ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ቢሆኑ ይመረጣል። ማን ቤት ቡና እንደሚጠጣ፣ ማን ቤት ከደጅ ሰላም ብሎ እንደሚታለፍ እሳቸው ይነግሩሻል፤ የእሳቸው ልጅ ከተባልሽ በኋላም የሚደፍርሽ ይቀንሳል። ወሎ የተመደባችሁ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤታችሁ ለሠርግ ሲጠራችሁ አትቅሩ፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ቡናው ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ሁሉም ይፈርሳል። በብዙ መንደሮች ዳር ማንም ቡና የማይጠጣበት ቤት አለ። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፤ «ቡዳ ናቸው» እየተባሉ ልጃቸው የማይዳር፣ ማኅበር የማይጠሩ። እስቲ አስቡት፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍነን ከእጅ ወደ እጅ የምናሳልፈውን የሸክላ ጽዋ የሠራችው ማን ናት? በእጇ ከሠራችው ጽዋ እርሷ አትጠጣም። ጌታችንንም የሀገሩ ሰዎች «ይህስ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ንቀውታል (ማር. 6፥3)፤ ባለእጅ ነበራ! እዚህ ላይ እንግድነታችሁ ይጠቅማችኋል። የመንደሩ ልጅ እዚያ ቤት ቢገባ ይወቀሳል፤ እናንተን ግን «የከተማ ሰው ነው፣ አያውቅም» ብለው ያልፏችኋል። ይህን ነፃነት ተጠቀሙበት። ድስት ወይም ጀበና ልትገዙ ሂዱና ቡና ስታቀርብ ተቀመጡ፤ ሦስተኛውንም ጠጡ፣ ልጆቿን በስማቸው ጥሩ። ብዙ ጊዜ እርሷ ራሷ «አይሆንም፣ ይታማሉ» ብላ ትከለክላችኋለች፤ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትኮሩ፣ ደግሞ ሂዱ።

ተራችሁ ደርሶ ጽዋውን ስትይዙ ልትጠሯት ካሰባችሁ ነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ቄሱ ከደገፉ ሙሴውም ከባድ አይሆኑም። የሚያኮርፍ ማኅበርተኛ ቢኖር በዚያ ቀን ከእርሱ ጋር አትከራከሩ፤ ወደ ሌላ ቀን አስተላልፋችሁ በቤቱ አነጋግሩት። እርሷን ከበሩ አጠገብ አታስቀምጧት፣ ከእናቶቹ መካከል ቦታ ያዙላት። ዳቦው ሲቆረስ ደግሞ ቄሱ ድርሻዋን በእጃቸው እንዲሰጧት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።